የበቅሎዋ ኩርባ ፉጨት

አርሊንዳ ፈረንሳይኛ የተማረችው ከሞተ ሰው ደብተር ነው።

ደብተሩ የባሏ የአንቴሮ ነበር። አንቴሮ በሳንቶ አንታዎ ደሴት ተራሮች ላይ አሥራ አምስት ዓመት ቱሪስት ሲያስጎበኝ የሚናገረውን ሁሉ፣ ከጠዋቱ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እስከ ማታው «መልካም መንገድ»፣ ጆሮው እንደሰማው አድርጎ ጽፎታል። ቀልዱ ሳይቀር ተጽፏል፤ የት እንደሚነገር፣ መሀሉ ላይ ምን ያህል ዝም እንደሚባል ምልክት አለው። እሱ ከሞተ በኋላ የስፌት መኪናዋ አንዲት ልጅና አንዲት አማት ይዛ እንደማታኖራት ሲገባት፣ ደብተሩን ከሣጥን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ክረምቱን ሙሉ ጮክ እያለች አነበበችው። ከዚያ የእሱን ሥራ ያዘች።

ቋንቋው ገባት እንጂ የራሷ አልሆነም። ፈረንሳይኛ በተናገረች ቁጥር እሱ በሚረግጠው ቃል ላይ ትረግጣለች፣ እሱ በሚስቅበት ትስቃለች። አንዳንዴ ወሬ መሀል የገዛ ድምፅዋን ትሰማና ትደነግጣለች፤ ውሃ እንደምትጠጣ ሰው ፊቷን ታዞራለች። ደግሞስ የተቀየሙትን ሰው አፍ ተውሶ መኖር ቀላል ነው? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የባሏን ስም ከአፏ አላወጣችም።

ቅያሜው እንዲህ ነው። አንቴሮ በጉብዝናው ጊዜ ጠጪ ነበር። ሊያገባት ሲጠይቃት «ከእኔና ከአረቄው አንዳችንን ምረጥ» አለችው። እሷን መረጠ። የሸንኮራ አረቄ በየጓሮው በሚወጣበት ሸለቆ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ጠብታ አልቀመሰም። ከዚያ አንድ የጥር ቀን አምስት ቱሪስቶች ይዞ ከኮቫ አፋፍ ወደ ፓውል ሸለቆ ሲወርድ፣ «ቀጥሉ፣ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ብቻውን ወደ ላይ ተመለሰ። ጉም ወረደ። አልደረሰባቸውም። በማግስቱ የበቅሎዋ ኩርባ ከሚሉት ቦታ ሥር፣ ሦስት እርከን ታች፣ ጎደሬ ማሳ ውስጥ ወድቆ አገኙት። በዚያ ብርድ በሸሚዝ ብቻ ነበር። ብብቱ ውስጥ የአረቄ ጠርሙስ ደቅቆ ሸሚዙ በአረቄ ርሷል፤ የጠርሙሱ ወረቀት ረጥቦ ተበጣጥሶ ጽሑፉ አይነበብም ነበር። ቱሪስቶቹ የዚያኑ ዕለት ማታ ጀልባ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ፖሊስ ጠይቋቸው ነበር፤ ለምን እንደተመለሰ አውቃለሁ ያለ አልተገኘም።

የቀረውን ሸለቆው ራሱ ሞላው። አረቄ ያሞቀው ሰው ኮቱን ይጥላል ተባለ። ጠርሙስ ደብቆ ኖሯል፣ ፈረንጆቹን አሰናብቶ ሊጠጣ ተመልሷል ተባለ። አርሊንዳም አመነች። አስከሬኑን ያጠበችው አማቷ ማክሲማ ብቻ «አፉን አሽትቼዋለሁ፤ የልጄ አፍ ንጹሕ ነው» አለች። አርሊንዳ «እናት ናት፣ ምን ትበል» ብላ በልቧ፣ አፏን ዘጋች። ማክሲማ ያን ዝምታ አልረሳችላትም። አንድ ግድግዳ የሚለያቸው ሁለት ክፍል ውስጥ እየኖሩ፣ ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት ስለ ጨውና ስለ ማገዶ ሆነ።

ከዚያ ፉጨቱ መጣ።

በዚያ መንገድ የሚሠሩ አስጎብኚዎች በጉም ጊዜ የሚጠራሩበት ፉጨት አላቸው። ከኋላ የቀረው ሁለት ጊዜ ያፏጫል፣ አንድ አጭር አንድ ረጅም። ከፊት ያለው አንዴ ይመልስለታል፤ የቀረው ድምፁን ተከትሎ ይመጣል። የአንቴሮ ረጅሙ ፉጨት መሀሉ ላይ ይቆረጥ ነበር፤ አንድ የፊት ጥርሱ ወልቋልና። አርሊንዳ የመጀመሪያዎቹን ቱሪስቶቿን ይዛ በጉም ውስጥ የበቅሎዋን ኩርባ ስትዞር ከበላይዋ ሰማችው። አጭር። ከዚያ ረጅም፣ መሀሉ ቁርጥ ያለ። ሌሎቹ አስጎብኚዎችም ሰምተውታል፤ ያማትባሉ እንጂ አያወሩትም። የልጇ የክርስትና አባት፣ ሾፌሩ ዜፌሪኖ፣ «በዚያ መንገድ እግሬ አያልፍም» ብሎ ምሏል።

አርሊንዳ ግን አንድም ቀን መልሳለት አታውቅም። «የጠጣበት ይመልስለት» ትልና ቱሪስቶቿን ታፈጥናለች።

በዚህ ዓመት ጥር ላይ ከባሕር ማዶ ሚንዴሎ ከተማ ያለው የጉዞ ወኪል ደወለላት። «አንድ ሰው ብቻ ናት። አሮጊት ናት። አርሊንዳ ካልሆነች አልሄድም ብላለች።» አርሊንዳ ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። አንዱ ቱሪስት ለሌላው ስም ሲያቀብል የተለመደ ነው።

ጀልባው ፖርቶ ኖቮ ወደብ ሲደርስ ሴትዮዋ ከሁሉ በኋላ ወረደች። ኦዲል ትባላለች፣ ከቤልጅግ ነው የመጣችው። ሰባ አምስት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ነጭ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች። እጇ ላይ በሲባጎ የታሰረ የወረቀት ጥቅል ይዛለች። ዜፌሪኖ ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ጥቅሉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ምንድን ነው የያዘችው? ወርቅ ነው እንዴ?» አለ ዜፌሪኖ በአገሩ ቋንቋ።

«ምሳዋ ይሆናል። አንተ መኪናህን ንዳ።»

«አበልጄ፣ ልርዳት ብዬ እኮ ነው። እንደ አንቺ ፊት ቢሆንማ ሴትዮዋ በመጣችበት ጀልባ ትመለስ ነበር።»

«የኔን ፊት ተወውና የኋላ ጎማህን ተመልከት፤ ተንፍሷል።»

«እሱ ተንፍሶ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። ያንቺም ይደርሳል።»

መኪናው በአሮጌው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ወጣ። ከወደቡ በላይ ያለው ደረቅ አገር አለቀና ጥዱ ጀመረ። አርሊንዳ ከፊት ተቀምጣ በየኩርባው የምትለውን አለች፤ ስለ መንገዱ ሥራ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድርቁ። ሴትዮዋ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። በመስታወቱ ስታያት፣ አሮጊቷ በመስኮት አትመለከትም። የምትመለከተው የአርሊንዳን ማጅራት ነው።

ኮቫ አፋፍ ላይ ወረዱ። ዜፌሪኖ እንደ ልማዱ ዞሮ በባሕር ዳር መንገድ ሸለቆው ግርጌ ሊጠብቃቸው ሄደ። ቀኑ ብሩህ ነበር፤ ከበታች እሳተ ገሞራው ትቶት የሄደው ክብ ጉድጓድ፣ ወለሉ በቆሎና ባቄላ ተዘርቶበት፣ እንደ ሳህን ተዘርግቷል። አርሊንዳ በአፋፉ ላይ ካለው አጭር ግንብ አጠገብ ቆመች፤ ቀልዱ የሚነገረው እዚህ ነው።

«እንግዲህ ማዳም፣ በዚህ ደሴት ላይ ሜዳ የሚባል ነገር ሁለት ብቻ ነው። አንዱ ይሄ የሚያዩት ነው። ሁለተኛው…» ደብተሩ ላይ እዚህ ቦታ ሁለት ነጥብ አለ፤ ሁለት ትንፋሽ ማለት ነው።

«ሁለተኛው የሚስቴ ኬክ» አለች ኦዲል።

አርሊንዳ ቀልዱን ከወረሰች ጀምሮ «የኔ ኬክ» ነበር የምትለው። «የሚስቴ» ብሎ የተናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ማን ነገረዎት?»

«ራሱ ነገረን። እዚሁ ቆሞ።» አሮጊቷ እጇን ግንቡ ላይ አሳረፈች። «ድምፅዎ እንዳለ የሱ ነው። መኪና ውስጥ ሳለሁ ዓይኔን ስጨፍን እሱ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ከአምስቱ አንዷ እኔ ነበርኩ።»

አርሊንዳ መኪናውን ፈለገች። የለም። ከዚህ መውጫው በእግር ወደ ታች ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በአሮጊት እግር ከሦስት በላይ።

«ምን ፈልገው መጡ?»

«ልነግርዎት። መጀመሪያ ግን… ሰዉ ስለሱ ምን ይላል?»

«ሰክሮ ወደቀ ይላል።»

ኦዲል ያልሰማች ይመስል ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች። «ማን ነው እንዲህ የሚል?»

«ሁሉም። እኔም።»

አሮጊቷ ግንቡ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ይህን አላውቅም ነበር» አለች። «ወደቀ ብቻ ነው የሰማሁት። ሚንዴሎ፣ ሆቴሉ ውስጥ፣ በማግስቱ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። ጠርሙሱ የኔ ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ መሬት መሬት እያየች፣ ብዙ ጊዜ ለብቻዋ እንደደገመችው ሰው ሳትደናቀፍ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሪቤራ ግራንዴ ከተማ ላይ ለልጇ ስጦታ የሚሆን አረቄ ገዝታ ነበር። እዚሁ ግንብ ላይ አስቀምጣው ፎቶ አነሳች፤ ረሳችው። ትዝ ያላት ቁልቁለቱን አጋምሰው፣ ሌሎቹ አራቱ ወደፊት ቀድመው፣ እሷ በጉልበቷ ምክንያት ከአንቴሮ ጋር ከኋላ ስታዘግም ነው።

«ተዉት ማዳም አለኝ። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ከየበሩ ጀርባ አንድ ጠርሙስ አለ፣ ሌላ አገኝልዎታለሁ አለኝ። እኔ አይሆንም አልኩ። የጠርሙሱ ወረቀት ላይ የልጄን ስም አስጽፌበት ነበር። ለዚያ ነው። ለስም።»

«እሺ አለ?»

«ሳቀና እሺ አለ። ሌሎቹን ከሩቅ ቀጥሉ፣ እደርስባችኋለሁ ብሎ ጮኸላቸው። እየተንቀጠቀጥኩ ስለነበር ኮቱን አለበሰኝ። ከዚህ ኩርባ እንዳይነቃነቁ፣ ጉም ቢመጣ እኔ አፏጫለሁ፣ እርስዎ ይመልሱልኝ አለኝ። ማፏጨት አልችልም ስለው፣ ይጩሁ፣ ማንም አይታዘብዎትም አለኝ።»

«ጮኹ?»

ኦዲል ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። «ጉሙ ሲመጣ ፈራሁ። ወርጄ ከሌሎቹ ተቀላቀልኩ። ከዚያ ሲያፏጭ ሰማሁት። ከላይ፣ ከሩቅ። ሌሎቹ ወፍ መሰላቸው። ብጮህ ለምን እንደተመለሰ ይጠይቁኛል። ለጠርሙስ ሰው መላኬን ልነግራቸው አፈርኩ። ሦስት ጊዜ አፏጨ። ከዚያ ዝም ሲል መንገዱን አገኘ ብዬ አሰብኩ።» ሲባጎውን እየነካካች ጨመረች፤ «ፖሊሱ ሲጠይቀኝም አፈርኩ፤ ኮቱን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄው ነበር። ከዚያ በኋላማ ማፈር አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።»

የወረቀቱን ጥቅል ፈታችው። ቡናማ ኮት ነው። አርሊንዳ ክርኑን ገለበጠችና አየች፤ የገዛ እጇ እራፊ ነው፣ ጥቁር ክር ጠፍቶ በሰማያዊ የጣፈችው። አሥራ ሁለት ዓመት «አረቄ ያሞቀው ሰው ኮቱን ይጥላል» ሲባል ስትሰማ የኖረችው ስለዚህ ኮት ነው።

ልትመታት አሰበች። በእውነት አሰበች፤ እጇ ሲሞቅ ታወቃት። ቀጥሎ ግን የአስጎብኚ ጭንቅላቷ በራሱ ሥራ ጀመረ፤ ያ ደግሞ ከመምታት የባሰ ነበር። አንቴሮ ያን መንገድ ጨፍኖ ይወርደዋል። ጉም መንገድ አያሳስተውም። ወደ ኩርባው ተመልሶ ሴትዮዋን አጣት። አፏጨ፣ የሚመልስ የለም። ስለዚህ ወድቃለች አለ። ከመንገዱ ወጥቶ እርከን ለእርከን የወረደው እሷን ፍለጋ ነው።

ይህን አልነገረቻትም። ስላዘነችላት አይደለም። ሴትዮዋ ገና ሦስት ሰዓት የምትራመድበት እግር ያስፈልጋታል።

«ይነሡ» አለቻት። «ጉም ሳይመጣ እንውረድ።»

ጉሙ ግን መጣ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሄዱ ከሸለቆው ተነሥቶ ጥዶቹን አንድ በአንድ ዋጠ። አርሊንዳ የአሮጊቷን ክንድ ይዛ በየደረጃው «እዚህ ይርገጡ፣ እዚህ» እያለች ትወርዳለች፤ የሚሰማው ከቅጠል የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነው። የበቅሎዋ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ኦዲል ራሷ ቆመች። ቦታውን ማንም አላሳያትም።

ያኔ ከበላያቸው ተሰማ። አጭር። ከዚያ ረጅም፣ መሀሉ ቁርጥ ያለ።

የአሮጊቷ ጣቶች አርሊንዳ ክንድ ውስጥ ገቡ። ቀና ብላ አላየችም። «ይሰማዎታል?» አለች በሹክሹክታ። «ወይስ ቤቴ ሳለሁ እንደምሰማው ለኔ ብቻ ነው?»

«ይሰማኛል።»

ሁለተኛ ጊዜ መጣ። አርሊንዳ ሁለት ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከተተች። ነፋች፤ አየር ብቻ ወጣ። ከንፈሯ ደርቋል። ልሳ እንደገና ነፋች፤ አሁንም ምንም የለም። እንባዋ አፏ ውስጥ ገባና በሦስተኛው ወጣላት፤ አንድ ፉጨት፣ ረጅም፣ ሸለቆውን ይዞ የሚሄድ። «እዚህ ነኝ፣ ና» ማለት ነው።

ጠበቁ። የተንከባለለ ድንጋይ፣ የተሰበረ እንጨት ድምፅ የለም። ከዚያ ከላይ ደግሞ አፏጨ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው፣ አልቀረበም፣ አልራቀም። አርሊንዳ መለሰች። ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ኋላ ስትጠየቅ አታውቀውም። ያስቆማት የኦዲል ጥርስ ገጭ ገጭ ሲል መስማቷ ነው። ኮቱን አንሥታ ልታለብሳት ብላ፣ ግማሽ መንገድ ላይ እጇን መለሰች፤ የራሷን ሹራብ አውልቃ ሰጠቻት።

ሸለቆው ግርጌ ዜፌሪኖ መኪናው ላይ ተደግፎ ሸንኮራ ይልጣል። «አበልጄ፣ ዛሬስ በአራት እግር ነው የወረዳችሁት? ልፈልጋችሁ ልወጣ…» ብሎ ጀመረና ፊቷን አየ፤ ከዚያ ክንዷ ላይ ያለውን ኮት። ቢላውን አጠፈ። ኮቱን ያውቀዋል፤ አብሮ ነው የገዛው።

«ወደ ቤት ንዳ» አለችው። «ወደ እማማ።»

ማክሲማ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። በሯ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ፈረንጅ ወደ ግቢዋ ሲገባ አይታ አታውቅምና መነሣት ፈለገች፤ አርሊንዳ ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻት። አሥራ ሁለት ዓመት ስትነካት የመጀመሪያዋ ነው። ኮቱን ጭኗ ላይ አኖረችላት።

ማክሲማ ኮቱን በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ አንሥታ አንገቱን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ደጋግማ ማገች። «የሰው ቤት ይሸታል» አለች። «ሣጥን ይሸታል። የልጄን ጠረን አጥበውታል።»

አርሊንዳ ሁሉንም ነገረቻት። ስትጨርስ ማክሲማ ኦዲልን ሳይሆን እሷን ነበር የምታየው።

«አፉ ንጹሕ ነው ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር፣ እማማ።»

«በእነዚህ እጆቼ አፉን ከፍቼ አሽትቼዋለሁ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

«አንቺ እሱን ታውቂው ነበር። እኔን ባታምኚ፣ እሱን ግን ታውቂው ነበር።»

ማክሲማ ወደ እንግዳዋ ዞረች፤ ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻትና ቀስ ብላ በራሷ ቋንቋ ተናገረች፤ «እሷን ሊፈልግ ነው የወረደው። ልጄ ሰው ጥሎ አይሄድም። እሷን ሊፈልግ ነው ገደል የገባው።»

«ምን አሉ?» አለች ኦዲል።

አርሊንዳ አማቷን አየች፤ አማቷም እሷን። «ልጄ መንገዱን ያውቅ ነበር አሉ» ስትል ተረጎመች።

«ይቅር እንደማልላት ንገሪያት» አለች ማክሲማ። ይህን አርሊንዳ ሳትቀንስ ተረጎመችው፤ ኦዲልም ልክ ነው እንደማለት ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ትብላ በያት። የበቆሎና የባቄላ ካቹፓ ተርፏል። በባዶ ሆድ ጀልባ ላይ ብትወጣ ታስመልሳለች።»

ሦስቱ ሴቶች አብረው በሉ። ዜፌሪኖ ግቢው በር ላይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ቀረ፤ ግባ ሲሉት እምቢ አለ።

ወደብ ላይ ኦዲል አድራሻዋን የጻፈችበት ወረቀት ሰጠቻት። ባሕሩ ተቆጥቶ የጀልባው ድልድይ ይወዛወዝ ነበር፤ አርሊንዳ እስከ ላይ ድረስ ይዛ አወጣቻት። «ሁለተኛ ባላይዎት ደስ ይለኛል» አለቻት። በአንቴሮ ድምፅ ነበር የተናገረችው፣ እሱ ግን እንዲህ ያለ ቃል ለሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ደብተሩም ላይ የለም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረንሳይኛው የራሷ መሆኑን አወቀች፤ ደስታ አልተሰማትም።

ዜፌሪኖ አፉ ስለማያርፍ ወሬው በሦስት ቀን ሸለቆውን አዳረሰ። ድሮ «ሲጠጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሎ የማለው አረቄ አውጪው ቱዊ፣ የሸንኮራ ጭነት ይዞ ማክሲማ በር ላይ መጣና «እኔ እንኳ ያየሁት ከጀርባው ነበር» አለ። ማክሲማ ጭነቱን አስወርዳ አሰናበተችው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የአንቴሮ ስም በጸሎት ተጠራ፤ ሁለቱ ሴቶች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሰሙ።

አርሊንዳ እውነቱ ከወጣ ፉጨቱ የሚተው መስሏት ነበር። አልተወም። ጉም በወረደ ቀን ዛሬም ያፏጫል፣ ከዚያው ከፍታ፣ ያንኑ ያህል ርቆ። አሁን ትመልስለታለች። ቱሪስቶቹ ምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ከኋላ የቀረ ሰው አለን» ትላቸዋለች፤ አንዳንዶቹ ዞረው ያያሉ።

አንድ ነገር ግን አዘግይታ ነበር፤ ልጇን። ሌኒራ ሮተርዳም አክስቷ ዘንድ ናት፣ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። አባቷ ሲሞት አሥር ዓመቷ ነበር። አርሊንዳ በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ፣ ማክሲማን አጠገቧ አስቀምጣ፣ ደወለች፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ወዲያ ማዶ የሳህን ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ትምህርት ቤት የጠርሙሱ ልጅ ይሉኝ ነበር» አለች ሌኒራ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አንድ ቀን ዝም በሉ አላልሻቸውም።»

«አላልኳቸውም።»

«ሴትዮዋ የት ነው የምትኖረው?»

«ቤልጅግ፣ ሊዬዥ። አድራሻዋ አለኝ። ከፈለግሽ እሰጥሻለሁ።»

«አይ» አለች ሌኒራ። «አሁን አይደለም። እሷን ምን አደርጋታለሁ?» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ትንሽ ሆነ። «እማዬ፣ እሱ ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር? ፊቱ ትዝ ይለኛል፣ ጥርሱ ትዝ ይለኛል። ሌላ ምንም የለኝም። አንቺ አውርተሽልኝ አታውቂም።»

አርሊንዳ ስልኩን ከጆሮዋ አነሣችና አማቷን አየች። ማክሲማ ባቄላውን ወደ ጎን አድርጋ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ነው የተዋወቅነው» ስትል ጀመረች አርሊንዳ፤ «ከበሮ ይዞ ነበር፤ ምቱን ደግሞ ጨርሶ አያውቅበትም…»

«ውሸት» አለች ማክሲማ ከጎን። «ከበሮ ያውቃል። አንቺን ሲያይ ነው የጠፋበት። ስጪኝ ስልኩን፣ እኔ ልንገራት።»